የተዳፈነ እሳት፦ ጨቅላ ግዙፍ ከዋክብት በኢንፍራሬድ ለምን ይዋዥቃሉ?

የውይይቱን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ታኅሣሥ ነበር፤ ጎንደር ላይ ሰማዩ ጥርት የሚልበት፣ ብርዱም አጥንት የሚገባበት ሰሞን። ሰማይ ማየት የምንወድ ሰዎች በምንወያይበት መድረክ ላይ ጥያቄ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ሙግት የሆነ ጽሑፍ ለጠፍኩ። ነገሬ ይህ ነበር፦ ከፀሐይ 8 እጥፍና ከዚያ በላይ የሚከብዱ ከዋክብት በጨቅላነታቸው በወፍራም አቧራ ተሸፍነው ስለሚያድጉ በዓይን አይታዩም። በኢንፍራሬድ ግን ይታያሉ። ሲታዩም ብርሃናቸው አይረጋም፤ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፣ መልሶ ይደምቃል። እኔም ይህ መዋዠቅ ሁሉ የአመጋገብ ምልክት ነው ብዬ ደመደምኩ። ኮከቡ በዙሪያው ከሚሽከረከረው የጋዝና የአቧራ ሳህን ሲጎርስ ይደምቃል፣ ጉርሻው ሲቋረጥ ይደበዝዛል።

ምሳሌ ያደረግኩት አያቴ ማታ ማታ ታዳፍነው የነበረውን እሳት ነው። ረመጡ በአመድ ተሸፍኖ ብርሃን አይሰጥም፤ እጅን ጠጋ ሲያደርጉት ግን ይጋረፋል። ኢንፍራሬድ ያ ግርፋቱ ነው። ለማስረጃ ደግሞ ኤስ 255 አይአር ኒርስ 3 የተባለውን ኮከብ ጠቀስኩ። ከእኛ 6,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ ክብደቱ የፀሐይን 20 እጥፍ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በድንገት ደመቀ። በአንደኛው የኢንፍራሬድ ቀለም 10 እጥፍ፣ አጠር ባለው ሞገድ ደግሞ 25 እጥፍ ገደማ ጨመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ የለቀቀው ጉልበት ፀሐይ በ100 ሺህ ዓመት የምትሰጠውን ያህላል። ይህን ጽፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ መልሶቹ ተደርድረው ጠበቁኝ።

1ኛው መልስ በጣም ጨዋ ነበር። አዘዞ የሚያስተምሩ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ካመሰገኑኝ በኋላ፣ አቧራው ያን ያህል ወፍራም ከሆነ ኢንፍራሬዱስ እንዴት እንደሚያልፍ ለተማሪዎቻቸው በቁጥር የሚያስረዱበት መንገድ እንዳለ ጠየቁኝ። 2ኛው የእኔ መልስ ነው። በዓይን የምናየውን ብርሃን በ20 ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ ነው፤ 5 ማግኒቲዩድ የ100 እጥፍ ልዩነት ነው) የሚያደበዝዝ አቧራ ከ100 ሚሊዮን ብርሃን አንዱን ብቻ ያሳልፋል። ያው አቧራ የሞገድ ርዝመቱ 2.2 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) አካባቢ ለሆነው ኢንፍራሬድ ግን መከላከያነቱ ወደ አንድ ዘጠነኛ ስለሚወርድ ከ8 አንዱን ያህል ያሳልፋል። በ100 ሚሊዮንና በ8 መካከል ያለው ልዩነት ነው የዚህን ሙያ በር የከፈተው። መምህሩ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እንደጻፉትና ልጆቹ ዜሮዎቹን ጮክ ብለው እንደቆጠሩ ተመልሰው ነገሩኝ።

3ኛው መልስ የማራኪ ሠፈር ተማሪ ነው። መብራት በጠፋ ሌሊት የቴሌቪዥን ሪሞት ይዞ፣ የስልኩን የፊት ካሜራ ከፍቶ፣ ቁልፉን ሲጫን የሪሞቷ ጫፍ ላይ ሐመር ወይን ጠጅ የመሰለች ነጥብ ብልጭ ድርግም ስትል አየ። በዓይኑ ሲመለከት ግን ምንም የለም። እናቱንና ታናሽ እህቱን ጠርቶ በተራ አሳያቸው። የኋላው ካሜራ ብዙ ጊዜ ማጣሪያ ስላለው ነጥቧን እንደማያሳይም አክሎ ጻፈ፤ እኔም ሞከርኩት፣ እውነቱን ነው። የሪሞቷ ጨረር 1 ማይክሮን እንኳ የማይሞላ ስለሆነ ለዓይናችን ቅርብ ጎረቤት ነው። ከዋክብቱን የሚያዩት መሣሪያዎች ከዚያ እጅግ ርቀው ይሄዳሉ።

ከ4ኛው እስከ 6ኛው ክሩ ወደ ቋንቋ ዞረ። በጡረታ ያሉ የአማርኛ መምህር ግዙፍ የሚለውን ቃል ተቃወሙ። ግዙፍ የሚባለው አካሉ የገዘፈ ነው፤ እዚህ የተፈለገው ግን በውስጡ ያለው ቁስ ብዛት ነው፤ ስለዚህ መጠነ ቁሱ የበዛ ኮከብ መባል አለበት አሉ። ኢንፍራሬድንም ታሕተ ቀይ በሉት ብለው አዘዙን። አንድ ወጣት፣ ቃሉ ያማረ ቢሆንም ማንም በዚያ ፈልጎ ምንም እንደማያገኝ መለሰላቸው። እርሳቸውም እኛ ካልጻፍንበት ማን ይጻፍበት ሲሉ ተቆጡ። በዕድሜያቸውም በነገራቸውም አከብራቸዋለሁ። ያበጠ አዛውንት ኮከብ አካሉ ግዙፍ ሆኖ ክብደቱ ከፀሐይ የማይበልጥ ሊሆን ስለሚችል ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። እዚህ ግዙፍ ያልኩት አንባቢ ስለለመደው ብቻ ነው።

7ኛው መልስ ግን ክሩን ሁሉ ገለበጠው። የጻፈችው አራዳ ገበያ አካባቢ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ልጅ ናት፤ ሐሳቡ ግን የእናቷ መሆኑን መጀመሪያ ላይ አስታውቃለች። እናትየው ጽሑፌ ሲነበብላቸው ምሳሌው ላይ ሳቁ አሉ። የተዳፈነ እሳት የሚደምቀው በሁለት መንገድ እንጂ በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። እንጨት ሲጨመርበት ይደምቃል። አመዱ ገለል ሲደረግለትም ይደምቃል፤ ያን ጊዜ አንዲት ጭራሮ እንኳ አልተጨመረም፣ የነበረው ረመጥ ብቻ ተገለጠ። ታዲያ ኮከቡ በልቶ ነው የደመቀው ወይስ አቧራው ገለል ብሎለት? እኔ ይህን ጨርሶ አላነሣሁም ነበር።

ቀጥለውም እሳቸው ሁለቱን እንዴት እንደሚለዩ ነገሩን። ከምጣዱ ሥር ያለውን ነበልባል አይመኑም። እጃቸውን የምድጃው የጭቃ ግድግዳ ላይ፣ በውጭ በኩል ያሳርፋሉ። እንጨት ከተጨመረ ጥቂት ቆይቶ ጭቃው በዙሪያው ይሞቃል። አመድ ብቻ ከተገለጠ ግን ፊት ለፊት ያለው ሰው ይለበለባል እንጂ ጭቃው እንደነበረ ነው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ሊቃውንቱም የሚያደርጉት በትክክል ይኸው ነውና። ኮከቡን የሸፈነው አቧራ የኮከቡን ጉልበት ሁሉ ውጦ በረጅም ሞገድ፣ በሩቅ ኢንፍራሬድና በሚሊ ሜትር ሞገድ መልሶ ይረጨዋል። ያ የጭቃው ግድግዳ ነው። ኮከቡ በእርግጥ ከበላ ግድግዳው ይሞቃል። በእኛና በኮከቡ መካከል ያለ አቧራ ብቻ ከተገፋ በቅርብ ኢንፍራሬድ፣ ለዓይን በሚቀርበው አጭር ሞገድ፣ ይደምቃል እንጂ ሩቅ ኢንፍራሬዱ አይነቃነቅም።

8ኛው ላይ መሳሳቴን አምኜ ጻፍኩ። እናትየውንም በልጃቸው በኩል እጅ ነሣሁ።

9ኛው ጸሐፊ ግን በይቅርታ የሚለቅ አልነበረም። በሥነ ፈለክ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ የከተማችን ልጅ ነው። እንደ እኔ ያሉ ሰዎች አንድ ዜና አንብበው ሕግ ሲያወጡ ማየት እንደሰለቸው ፊት ለፊት ተናገረ። ከዚያ በኋላ የጻፈው ግን እንደ ማር የሚጣፍጥ ነው። ቀለም ብቻውን አይፈርድም አለ፤ አቧራ ሲነሣም ሆነ ኮከቡ ሲበላ አጭሩ ሞገድ አብልጦ ሊጨምር ስለሚችል፣ የእኔ 25 እጥፍና 10 እጥፍ ማስረጃ አይሆኑም። ኤስ 255 አይአርን በእርግጥ በልቷል ያሰኘው ጠቅላላ ጉልበቱ ከፀሐይ 29 ሺህ እጥፍ ገደማ ወደ 160 ሺህ እጥፍ መውጣቱ ነው። ኤንጂሲ 6334 አይ በሚባለው ሠፈር ያለው ጨቅላ ደግሞ ቺሊ በረሃ ላይ ባለው አልማ በተባለ ቴሌስኮፕ ሲታይ በዙሪያው ያለው አቧራ በሚሊ ሜትር ሞገድ 4 እጥፍ ያህል ደምቆ ተገኘ። ጠቅላላ ጉልበቱም በ70 እጥፍ ገደማ እንደጨመረ ተሰላ። እንግዲህ ጭቃው ራሱ ጋለ ማለት ነው።

የመጨረሻው ምሳሌው ግን አፌን አስያዘኝ። ጂ 358.93 የተባለው ኮከብ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲፈነዳ (በአንድ ጊዜ ብዙ ጎርሶ ሲንቦገቦግ ማለት ነው) በቅርብ ኢንፍራሬድ ምንም ለውጥ አልታየበትም። አቧራው እጅግ ወፍራም ስለነበር በዚያ ሞገድ የተመለከተ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ያልፋል። መብላቱን ያጋለጠው በአውሮፕላን ላይ የተጫነው ሶፊያ ቴሌስኮፕ ያየው ሩቅ ኢንፍራሬድ ነው። ስለዚህ ያልደመቀ ኮከብም በልቶ ሊሆን ይችላል። የእኔ ሕግ በሁለቱም ጫፍ ተሰበረ።

10ኛው ጸሐፊ ለእኔ ተቆርቁሮ ልጁን ገሠጸው፤ ዕውቀት ያለ ትሕትና ምን ይረባል የሚል መንፈስ ነበረው። 11ኛው ደግሞ ትሕትና ስሕተትን አያርምም ብሎ ተነሣ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ልጁ ቢያቆስለኝም ትክክል ነበር።

12ኛው ላይ የአዘዞው መምህር ተመልሰው ኮከቡ ለምን በጉርሻ ጉርሻ እንደሚበላና ለምን ዝም ብሎ እንደ ወንዝ እንደማይፈስለት ጠየቁ። ያው ወጣት፣ አሁን በለዘበ አንደበት፣ መለሰላቸው። ሳህኑ ራሱ ከባድ ስለሆነ በራሱ ስበት ይቆራረጣል፣ እንደ ሊጥ ይጓጉላል። ጉብታው ወደ ውስጥ ሲንሸራተት በአንድ ጊዜ ይዋጣል፣ ኮከቡም ይንቦገቦጋል። በትናንሾቹ ዘንድ ይህ ከጥንት ይታወቃል፤ ኤፍዩ ኦሪዮኒስ እ.ኤ.አ. በ1936 ከ100 እጥፍ በላይ ደምቆ ነበር። ግዙፎቹ ግን ጥቂት ናቸው፣ ሩቅ ናቸው፣ ጨቅላነታቸውም አጭር ነው፤ ዕድገታቸውን ሳይጨርሱ ሃይድሮጂን ማንደድ ይጀምራሉ። ብርሃናቸው ራሱ አቧራውን ወደ ውጭ ስለሚገፋ እንዴት እንደሚመገቡ ለብዙ ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር። ምግቡ በሳህኑ በኩል በጎን ሲገባ፣ ብርሃኑ ከላይና ከታች ይወጣል። በትናንሾቹ የታየው መንቦግቦግ በትላልቆቹም መታየቱ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ማዕድ እንደሚያድጉ ያመለክታል።

13ኛው መልስ መራራ ነበር። ቧንቧው ደርቆ ጀሪካን ይዘው ሲንከራተቱ የሰነበቱ የሦስት ልጆች አባት ናቸው። እሳቸው ውሃ ሲጠብቁ እኛ 6,000 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ስላለ ኮከብ ምግብ መጨቃጨቃችን እንዳናደዳቸው ጻፉ። ለጥቂት ሰዓታት ማንም አልመለሰም። እኔም ምን እንደምል አጣሁ፤ ቅሬታቸው እውነት ነውና። 14ኛው ላይ የመለሰችላቸው የእንጀራ ጋጋሪዋ ልጅ ናት። እነርሱም ውሃ በጀሪካን እንደሚቀዱ፣ ትናንትም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥታ እንደተሰለፈች ነገረቻቸው። ተሰልፋ ቀና ስትል ግን ኦርዮን የተባለው የከዋክብት ምድብ ወደ ምዕራብ ሲያዘቀዝቅ አየች፤ እናቷ የተናገሩት ነገር እዚያ ላይ ሲሠራ ማወቋ ያን ሌሊት እንዳቀለለላት ጻፈች። አባትየውም በ15ኛው ላይ እህቴ ብለው አመሰገኗት፤ ጀሪካን የሚያደርስ ባለ ባጃጅ ስልክም በግል እንደሚልኩላት ነገሯት።

ከዚያ ነገሩ ወደ አፍሪካ መጣ። 16ኛው ጸሐፊ ደቡብ አፍሪካ ተምሮ የተመለሰ ነው። ጆሃንስበርግ አቅራቢያ ሃርተቤስትሁክ ላይ ያለው ባለ 26 ሜትር የሬዲዮ ሳህን ለዓመታት የሚከታተለውን ነገር አስረዳ። በጨቅላ ግዙፍ ከዋክብት ዙሪያ የሜታኖል ሞለኪውሎች አሉ። የሞቀው አቧራ ኢንፍራሬድ ሲመታቸው በ6.7 ጊጋ ኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ አጉልተው ያስተላልፋሉ። ኮከቡ ሲበላ ኢንፍራሬዱ ይጨምራል፣ ሜታኖሉም ይጮኻል። ሬዲዮ ደግሞ ቀን ከሌሊት፣ ደመና ሳይል ይሰማል። የኤንጂሲ 6334 አይ ፍንዳታ እ.ኤ.አ. ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ በዚያ የሬዲዮ ሳህን በተከታታይ ተመዝግቧል። ጂ 9.62 የተባለው ደግሞ በየ244 ቀኑ፣ እንደ ሰዓት፣ እየደመቀ ይመለሳል። እንዲህ የተቆጠረ ምልልስ ድንገተኛ ጉርሻ ሊሆን አይችልም፤ ምናልባት ሁለት ከዋክብት እየተዟዟሩ ይሆናል። መዋዠቅ አንድ ምክንያት ብቻ እንደሌለው ለእኔ ለሦስተኛ ጊዜ ተነገረኝ።

ሜታኖል የሚለው ቃል 17ኛውን ጸሐፊ ወደ አረቄ ወሰደው። በሰማይ ያለው በብርጭቆ ካለው ጋር አንድ እንደሆነ ጠየቀ። 18ኛዋ ነርስ ናት፣ አጥብቃ አስጠነቀቀች። በጠጅና በአረቄ ያለው ኤታኖል ነው፤ ሜታኖል መርዝ ነው፣ ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ከማይታወቅ ሰው የተገዛ አረቄ የጠጣ ሰው ዓይኑ ከጨለመበት ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ አለች። ከርእሳችን ቢወጣም አላጠፋሁትም፤ ከሁላችን መልስ ይልቅ ሰው የሚያድነው እርሱ ሊሆን ይችላል።

19ኛው እዚሁ ጎንደር ላይ ለምን ቴሌስኮፕ እንደማይተከል ጠየቀ። ቺሊ ውስጥ ፓራናል ላይ ያለው ባለ 4.1 ሜትር መስተዋቱ ቪስታ ቴሌስኮፕ፣ የጋላክሲያችንን መኻል በኢንፍራሬድ ለዓመታት ደጋግሞ ፎቶ ያነሣው፣ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እኛም ከ2,100 ሜትር በላይ ነን። 20ኛው ከፍታው ብቻ እንደማይበቃ መለሰለት። ኢንፍራሬድን የሚውጠው በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ነው። የቺሊ በረሃ ደረቅ ነው፤ እኛ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ደመና ውስጥ ነን፣ እነ ኤንጂሲ 6334 እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ የሚሉትም ያኔ ነው። ቢሆንም እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች እንዳሉ፣ በላሊበላ ዙሪያ ተራሮችም ለተሻለ ቦታ እንደተጠኑ አስታወሰ። ሰሜን ተራሮች ለምን ተረሱ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ዋልያውን ማን ይጠብቀው የሚል ሲመጣ ረገበ።

21ኛው መልስ ከእናትየው ነው፤ አሁንም ልጃቸው ጻፈችላቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፦ ያ ኮከብ 20 ፀሐይ የሚያህል እስኪሆን ስንት ጊዜ በላ?

22ኛው ላይ የሪሞቱ ልጅ ወረቀት ላይ ሠርቶ ፎቶውን ለጠፈው። ፀሐይ በክብደት 1,047 ጁፒተር ታህላለች። 20 ፀሐይ ማለት ወደ 21 ሺህ ጁፒተር ነው። በ2015 የተበላው ጥቂት ጁፒተር ስለሆነ 3 ብሎ ያዘው፤ 7,000 ማዕድ ወጣለት። ዕድገቱ 100 ሺህ ዓመት ቢፈጅ በየ14 ዓመቱ አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። ባለ ሁለተኛ ዲግሪው ወጣት ይህ ሁሉ ምግብ በፍንዳታ ብቻ ገባ ከተባለ እንደሆነ አሳሰበው፤ በመኻሉም ዝግ ብሎ የሚፈስ አለ፣ ማዕዶቹም እኩል አይሆኑም። ስሌቱን ግን አመሰገነለት። በዚህ ክር ላይ ማንንም ሲያመሰግን ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።

23ኛው የእኔ ነው። ኤስ 255 አይአር በኦርዮን የተዘረጋ ክንድና መንትዮቹ (ጀሚኒ) በሚባለው የከዋክብት ምድብ እግር መካከል ነው። ለጎንደር አናት ከ6 ዲግሪ ባነሰ ይቀርባል። ለከተራ ቀሃ ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ለምናድር፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከራሳችን በላይ ይሆናል። ዓይን አያየውም፤ ቦታውን ግን በጣት ማሳየት እችላለሁ። የጀሪካኑ አባት በ24ኛው ላይ ልጆቻቸውን ይዘው እንደሚመጡ ጻፉ። እናትየውም ድርቆሽ እንደሚይዙ በልጃቸው በኩል ላኩብን።